ሚዛናዊው ይግባኝ

ሸነን ውስጥ አንድ ቤተሰብ ልጁን ዩኒቨርሲቲ ካስገባ በኋላ ሌላ ጸሐፊ አይፈልግም። ልጁ የሚማረው ስለ ዶሮ በሽታ ይሁን ስለ ድልድይ ሥራ ለቤቱ ያው ነው፤ ተምሯል፣ ስለዚህ ይጽፋል። የዕድር ማስታወቂያ፣ የትራንስፎርመር አቤቱታ፣ ለወረዳ የሚገባ ማመልከቻ ሁሉ ተጠራቅሞ የእረፍት ጊዜውን ይጠብቀዋል። ጋዲሳ ጉደር ባለው ካምፓስ የገጠር ልማት የሚማር ተመራቂ ተማሪ ነበር። ስለዚህ እናቱ ባየሽ የመሬት ክርክር ተፈርዶባት ስትመለስ፣ ይግባኙን ማን ይጻፈው ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ክርክሩ እንዲህ ነው። ባየሽ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ብቻዋን ይዛ ያቆየችው አንድ ጥማድ መሬት አላት፤ ከጓሮዋ ተነሥቶ ቁልቁል እስከ ወንዙ ይወርዳል። እንሰቱም፣ ድንቹም፣ ልጇን ያስተማረችበት ባሕር ዛፍም እዚያው ነው። በይዞታ ደብተሩ ላይ የባሏና የእሷ ስም አለ። የባሏ ታላቅ ወንድም ሆርዶፋ ብዙ ዓመት ወለጋ ኖሮ ለወንድሙ ለቅሶ መጣና በዚያው ቀረ፤ ከዓመታት በኋላ ደግሞ "መሬቱ የእኔ ነው፤ ለወንድሜ በአደራ ሰጥቼው ነው የሄድኩት" ብሎ ከሰሳት። ሦስት ምስክር አቆመ። ታኅሣሥ አራት ቀን 2014 ዓ.ም. በወረዳው ፍርድ ቤት ተፈረደለት።

ይግባኝ የሚባለው አምቦ ነው፤ በስልሳ ቀን ውስጥ። ስልሳኛው ቀን የካቲት አራት፣ ዓርብ ይውላል። ባየሽ ቀኑን በጣቷ ቆጥራ ከያዘችው በኋላ በየጸሎቷ መጨረሻ ላይ ታነሣው ጀመር። ይግባኙ ካልተሳካ የሚቀራት ቤቱ የቆመበት ግቢ ነው፤ ግቢ ደግሞ አይታረስም።

መቼም በየፍርድ ቤቱ በር ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች አሉ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅባቸውም። "ማን በደለህ?" ይላሉ፤ "እገሌ" ካሏቸው እገሌን ከገጹ ራስጌ እስከ ግርጌ ያበጥሩታል። ከሰዓት በኋላ እገሌ ራሱ ቢመጣ ለእሱም እንዲሁ ያደርጉለታል። የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ ኦቦ ለሜሳ ለእነሱ እንድትሰጠው ቢመክሯት ባየሽ ቅር አላት።

"ኦቦ ለሜሳ፣ ቤቴ ተማሪ እያለ ደጅ ላስጽፍ? ሰው ምን ይለኛል?"

"ሰው ምንም አይል፤ ቀኑ እንዳያልፍብሽ ብዬ ነው።"

"ልጄ እኮ መጽሐፍ የሚያህል ነገር እየጻፈ ነው። ይቺ ሁለት ገጽ ምን ታቅተዋለች!"

ደወለችለት። ጋዲሳም "በዚህ ሳምንት እጨርሰዋለሁ፣ አዮ" አላት። ሲላት ከልቡ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንትም ከልቡ ነበር።

ጋዲሳ ሰነፍ አልነበረም፤ ሌላ የሚልለት ስለሌለ ይህን እዚህ ላይ ማለት ይገባል። ሰነፍ ሰው ቁጭ ይላል፤ ጋዲሳ ግን ለመጻፍ ከተነሣ ቁጭ አይልም። መጀመሪያ ጠረጴዛውን ይወለውላል። ጠረጴዛው ሲጸዳ የአልጋው አንሶላ ቆሽሾ ይታየዋል። አንሶላው ታጥቦ እስኪደርቅ ደግሞ በባዶ ፍራሽ አጠገብ ሆኖ ማሰብ አይችልም። ከዚያ ላፕቶፕ ያስፈልጋል። ላፕቶፑ የቶኩማ ነው፤ ቶኩማ አብሮት የሚያድር የክፍል ጓደኛው ነው፤ ቶኩማ ፊልሙን እስኪጨርስ ይጠበቃል። ላፕቶፑ ሲገኝ የፊደሉን ቅርጽ ይመርጣል፤ ኅዳጉን ይለካል፤ ርዕሱን መሐል ላይ ያቆመዋል። "ይግባኝ" የምትለዋን ቃል ብቻዋን ነጭ ገጽ ላይ አቁሞ አሥራ አንድ ቀን አያት። አንዴ አጥቁሯት ነበር፤ ከዚያ መልሶ አሳሳት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ለወረቀቱ ማውጫ አዘጋጀለት።

"ማውጫ?" አለ ቶኩማ ከላይኛው አልጋ አንገቱን አውጥቶ። "ለሦስት ገጽ?"

"መዋቅር ከሌለ ጽሑፍ የለም።"

"ዳኛው ገጽ ሦስት ጠፍቶበት እንዳይንከራተት ነው?"

"አንተ አትቀልድ። መዋቅሩ ካለቀ የቀረው ቀላል ነው።"

"እናትህ መዋቅር መቼ ጠየቀችህ፣ ማሎ? መሬት ነው ያላት። እሱም እስከ የካቲት አራት ነው።"

ጋዲሳ ስለዚህ ጠባዩ ብዙ አስቧል። ሰው ከመጻፍ በቀር ሌላ ነገር ሁሉ ሲሠራ ቢውል፣ ስለ መጻፍ የሚያስብበት ጊዜ አያጣም። የደረሰበትም ይህ ነው፦ በጭንቅላቱ ውስጥ ያለው ይግባኝ እንከን የለበትም። ዳኞቹ ያነቡታል፣ ይተያያሉ፣ አንዱ መነጽሩን ያወልቃል። ወረቀት ላይ ሲወርድ ግን የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንደ ማንኛውም ሰው ዓረፍተ ነገር ሆኖ ቁጭ ይላል። ያልጻፈ ሰው ገና ጎበዝ ነው፤ የጻፈ ሰው የጻፈውን ያህል ነው። ጋዲሳ ከሸነን ሲወጣ ጎበዝ ተብሎ ነው የወጣው። ያን ማጣት አልፈለገም።

ሌላም ነገር ነበር። የመመረቂያ ጥናቱን የሚያማክሩት መምህር ሚልኪያስ ቀይ እስክሪብቶ ያላቸው ሰው ናቸው። ጋዲሳ "አርሶ አደሮቹ ተበድለዋል" ብሎ ሲጽፍ፣ ከሥሩ "ማን አለ?" ብለው መለሱለት። "መበደላቸው ግልጽ ነው" ሲል፣ "ለማን?" አሉት። ሦስት ወር ከተመላለሰ በኋላ "አንዳንድ መላሾች እንደገለጹት፣ በደል ሊባል የሚችል ሁኔታ የነበረ ይመስላል" ብሎ መጻፍ ቻለ፤ ያን ጊዜ ከጎኑ ትክክል የምትል ምልክት አገኘ። በአራት ዓመት ትምህርቱ ውስጥ እንደዚያች ምልክት ያስደሰተው ነገር የለም። "እኔ" የሚለውን ቃል ከጥናቱ እንደ አረም ነቅሎ ጨረሰ።

አንድ ቀን በኮሪደር አገኛቸውና እንደ ዋዛ ጠየቃቸው።

"መምህር፣ የሚጻፍለት ሰው ዘመድ ቢሆንስ?"

"ያን ጊዜ ይብሳል። ወደ ዘመድህ ካጋደልክ አንባቢህ ባንድ እይታ ነው የሚያውቅብህ። የሌላውን ወገን ፈልገህ ስማ። እንዲያውም እሱን አስቀድም።"

መምህር ሚልኪያስ የሚያወሩት ስለ ጥናት ነበር። ፍርድ ቤት እንዳለ የነገራቸው የለም። ጋዲሳም አልነገራቸውም፤ ምክሩ ጥሩ ሆኖ ስላገኘው ሊያበላሸው አልፈለገም።

የመንፈቁ እረፍት ሲደርስ ደብተር ይዞ ሸነን ገባ። ከስልሳው ቀን አርባ ስድስቱ ሄደዋል። እናቱ ሊጽፍ የመጣ መስሏት ጠረጴዛውን መስኮት ሥር አደረገችለት። እሱ ግን በማግሥቱ ወጣ። ሦስቱን ምስክሮች በየቤታቸው ሄዶ ጠየቀ። የግብርናውን የልማት ሠራተኛ ጠየቀ፤ ልጁ ከመጣ ገና ዓመቱ ነውና "እኔ ከማዳበሪያ ውጪ አላውቅም" አለው፤ ያንንም ጻፈው። በመጨረሻ ሆርዶፋ ግቢ ሄደ።

ሆርዶፋ የአጥሩን እንጨት እየጠረበ ነበር። መጥረቢያውን አላስቀመጠም።

"አካም፣ ባራታ! የእኛ ተማሪ፣ ምን እግር ጣለህ?"

"ደኅና ነዎት፣ ወሲላ። ለይግባኙ ነው። የእርስዎንም ሐሳብ ልሰማ ብዬ።"

የአባቱ ወንድም ነውና በአክብሮት ነው የሚያናግረው። ሆርዶፋ አየው። ደብተሩንም አየው።

"እኔ ላይ ልትጽፍ፣ እኔን ትጠይቀኛለህ?"

"ሚዛናዊ እንዲሆን ነው።"

"ሚዛናዊ።" ሆርዶፋ ቃሉን አፉ ውስጥ ትንሽ አገላበጠው። "ኤዬ፣ ጥሩ ነገር ነው። እናንተ፣ ወንበር አውጡለት! እርጎም አምጡለት፣ የወንድሜ ልጅ እኮ ነው!"

ከዚያ ሆርዶፋ ተናገረ፤ ጋዲሳ ጻፈ። ስለ ወለጋ ጻፈ፣ ስለ አደራው ጻፈ። እስክሪብቶው እዚህ ላይ ሲደርስ እንዴት እንደሚፈጥን ለራሱም ገረመው፤ የሰው ቃል መጻፍ የራስን እንደመጻፍ አይደለም። ሆርዶፋ እስክሪብቶውን በዓይኑ ሲከተል ቆየና ሊነሣ ሲል እንደገና ተቀመጠ።

"አባትህ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሊሞት ሰሞን ጠርቶኝ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? 'ሆርዶፋ፣ መሬቱ ያንተ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ልጁ ተምሮ እስኪጨርስ ብቻ ታገሠኝ' አለኝ።"

የጋዲሳ እጅ ቆመ። አባቱ ሲታመም እሱ አምቦ ሁለተኛ ደረጃ እየተማረ ነበር፤ የደረሰው ለቀብር ነው።

"ይህን ወረዳ ላይ ለምን አልተናገሩም?"

"ማን ጠየቀኝ?"

"ሲናገር የሰማ ሰው አለ?"

"እግዚአብሔር ሰምቷል።"

ጋዲሳ "ምስክር፦ እግዚአብሔር" ብሎ ጻፈ። ትንሽ አሰበና በቅንፍ "አልተረጋገጠም" የሚል ጨመረበት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ባየሽ ልብሷን ሳትቀይር በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን አስተካከለች፤ ፎቶ ልትነሣ የተዘጋጀች ትመስል ነበር።

"በል እሺ፣ ጠይቀኝ።"

"ምን ልጠይቅሽ?"

"ምስክሮቹን ጠየቅህ። የማዳበሪያውን ልጅ ጠየቅህ። ከሳሼን ጠየቅህ፣ እርጎ ጠጥተህ መጣህ አሉ። የቀረሁት እኔ ነኝ።"

"አዮ፣ አንቺ እኮ ባለጉዳይ ነሽ። ያንቺ ቃል ወደ አንቺ ያጋድላል።"

"ታዲያ ወደ ማን ያጋድል?"

"እንደሱ አይደለም። ሰው በራሱ ጉዳይ ገለልተኛ መሆን አይችልም ለማለት ነው።"

"ሆርዶፋስ?"

ጋዲሳ አሰበ። ጥሩ ጥያቄ ነበር። "እሱን የወሰድኩት እንደ ሌላ ወገን ነው" አላት።

"እኔስ የማን ወገን ነኝ፣ ኢልማ ኮ?"

ይህም ጥሩ ጥያቄ ነበር። በኋላ ሊመለስበት ብሎ ደብተሩ ጠርዝ ላይ ጻፈው። ባየሽ ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ተነሥታ ልብሷን ልትቀይር ገባች።

ጉደር ከተመለሰ በኋላ ያለው ጊዜ እንዴት እንዳለቀ ቶኩማ ይናገር። ሰኞ፣ የሰበሰበውን በሰንጠረዥ አደረገው። ማክሰኞ ሰንጠረዡን ቀለም ቀባው። ረቡዕ መብራት አልነበረም። ሐሙስ መብራቱ መጣ፤ ጋዲሳ ግን ነገ ዓርብ መሆኑን ሲያስብ አንሶላውን እንደገና ሊያጥብ ወጣ።

የካቲት አራት ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተቀመጠና አራት ሰዓት ላይ ጨረሰ። ሁሌም እንደዚህ ነው፤ የሚጽፈው ጅብ ሲያባርረው ብቻ ነው። ከጭንቅላቱ ሳይሆን ከደብተሩ ላይ እየገለበጠ፣ በለመደው መልክ አወረደው፤ በእንግሊዝኛ ተምሮት፣ በአፋን ኦሮሞ ጻፈው። መግቢያ። የይግባኝ ባይ ሐሳብ። የመልስ ሰጪ ሐሳብ። ማጠቃለያ። የይዞታ ደብተሩ ነገር "የይግባኝ ባይ ሐሳብ" በሚለው ሥር አንድ መስመር አገኘች፤ "በእጇ እንደሚገኝ ትገልጻለች" ይላል። የሆርዶፋ ወሬ አንድ አንቀጽ ሙሉ ሆነ፤ መጨረሻው እንዲህ ነበር፦ "የይግባኝ ባይ ሟች ባል መሬቱ የወንድሙ አደራ መሆኑን ከመሞቱ በፊት እንዳመነ ተነግሯል። ይህን ሙሉ በሙሉ ውድቅ ማድረግ አይቻልም።" ከሁሉ በታች ደግሞ "ውስንነቶች" የሚል ርዕስ ሰጥቶ፣ አቅራቢዋ የጉዳዩ ባለቤት ስለሆነች ቃሏ በጥንቃቄ እንዲታይ ሐሳብ አቀረበ።

ጉደር ያለው ማተሚያ ቤት ቀለም ጨርሷል። በሚኒባስ አምቦ ገባ። አምቦ ሲደርስ መዝገብ ቤቱ ለምሳ ተዘግቷል። እናቱ ከጠዋት ጀምሮ በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ቆማለች፤ ከሸነን የመጣችበት አቧራ ገና ከቅንድቧ ላይ አልተራገፈም። የማተሚያ ቤቱ ወረፋ አልቆ፣ ሦስት ኮፒ ተይዞ ሲመለስ አሥር ሰዓት አልፎ ነበር።

"አንብብልኝ" አለችው።

"አዮ፣ ሊዘጉ ነው።"

"ቶሎ ብለህ አንብበው። መጀመሪያውን ብቻ።"

"ሁሉም አለበት፣ አትስጊ። በጣም ተጠንቅቄ ነው የጻፍኩት።"

አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ሦስት ቦታ አሳረፈች። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ገጾቹን ገለጥ ገለጥ አድርጋ ቀና አለች።

"ይሄ ደግሞ ማውጫ አለው!" አለች ለጎረቤቷ። ሁለቱም ሳቁ። ማኅተሙ ግን ተመታ፤ ቀኑ አላለፈም። ባየሽ ከደረጃው ስትወርድ ጌታን አመሰገነች፤ ልጇንም ትከሻውን መታ መታ አደረገችው።

ተከራካሪዎቹ የተሰሙት ግንቦት ውስጥ ነው። ጋዲሳ ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ከሦስቱ ዳኞች መሐል የተቀመጡት ሴት ማመልከቻውን እየገለጡ ብዙ ቆዩ። መነጽራቸውን አላወለቁም።

"መልስ ሰጪ፣ ምን ትላለህ?" አሉ።

ሆርዶፋ ተነሣ፤ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ያዘ። "ክብርት ዳኛ፣ እኔ የምጨምረው የለኝም። እሷው ሁሉንም ጽፋዋለች።"

"ይግባኝ ባይ፣ ባልሽ ሊሞት አቅራቢያ መሬቱ የወንድሙ አደራ እንደሆነ ማመኑ፣ ይህም ሊስተባበል እንደማይችል በራስሽ ማመልከቻ ላይ ሰፍሯል። ጣቱ ያንቺ ነው?"

ባየሽ ወረቀቱን ከሩቅ አየችው። "ጣቱ የእኔ ነው።"

"ታዲያ አደራ መሆኑን አምነሽ ይግባኝ የምትይው በምኑ ላይ ነው?"

"እኔ አላመንኩም። ባለቤቴ ሊሞት ሰሞን ይሄ ሰውዬ ወለጋ ነበር። የመጣው ከተቀበረ በሦስተኛው ቀን ነው። አገር ያውቃል።"

"ይህን ለምን እዚህ ላይ አላስጻፍሽም?"

ባየሽ ወደ ኋላ አልዞረችም። "የጻፈው ሰው አልጠየቀኝም።"

"ማን ነው የጻፈው?"

"የተማረ ሰው ነው።"

ዳኛዋ ማመልከቻውን ዘጉት። ከዚያ አቀርቅረው ጻፉ። ደብተሩ በስሟ ቢሆንም፣ ባሏ መሬቱን በአደራ መያዙን የራሷ ማመልከቻ ስለማያስተባብል፣ የወረዳው ፍርድ ጸንቷል ተባለ። ከግቢው ሲወጡ ጋዲሳ "ከዚህ በላይ ሰበር የሚባል አለ፤ እኔ..." ብሎ ጀመረ። ባየሽ ቀና ብላ አየችው። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

ሰኔ ላይ ጥናቱን አቀረበ። መምህር ሚልኪያስ በፈታኞቹ ፊት "ገለልተኝነቱ ለሌሎችም አርአያ ነው" አሉ። ተመረቀ። ሥራ ስላልተገኘ ሸነን ተመልሶ ተቀመጠ።

የመሬቱ ርክክብ ኅዳር ውስጥ፣ ድንቹ ተለቅሞ ሲያልቅ ሆነ። ከወረዳ የአፈጻጸም ሠራተኛ መጣ፤ የቀበሌው ሊቀመንበር መጣ፤ ሽማግሌዎች መጡ፤ ገመድ ይዘው ከጓሮው እስከ ወንዙ ለኩ። ቃለ ጉባኤ ሊያዝ ሲል የቀበሌው ጸሐፊ ለቅሶ ሄዷል ተባለ።

"ታዲያ ምን ያስጨንቃል?" አለ ሊቀመንበሩ። "ጋዲሳ አለ አይደል? ና ባራታ፣ እጅህ ያምራል።"

ወረቀት ሰጡት። ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጀመረ። ሆርዶፋ መጥቶ አጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ የቀሩት ገመዱን እየጠቀለሉ ነበር።

"ተቀይመኸኛል" አለው በዝግታ።

ጋዲሳ የተሰብሳቢዎቹን ስም እየጻፈ ነበር።

"አባትህ ያን ቃል አላለኝም። እናትህ እውነቷን ነው።"

"ታዲያ ለምን ነገሩኝ?"

"ደብተር ይዘህ ደጄ ድረስ መጣህ። ያለኝን ሁሉ ነገርኩህ፤ አንተ ግን ገና እስክሪብቶህን አልከደንክም። እኔ ደግሞ እንግዳ ባዶ እጁን አልሸኝም።" ሆርዶፋ ከጉልበቱ ላይ አቧራ አራገፈ። "ትስቃለህ ብዬ ነበር። ትጽፈዋለህ ብዬ አላሰብኩም። አሁንም ከፈለግህ ጻፈው።"

ጋዲሳ ወረቀቱን አየ። ተሰብሳቢዎች፤ አጀንዳ፤ የተደረሰበት ውሳኔ። አጀንዳው ርክክብ ነው። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው በጉባኤው ፊት የተነገረውን ነው፤ በድንጋይ ላይ ለአንድ ሰው ጆሮ የተባለውን አይደለም። ይህን በደንብ ያውቃል። እስክሪብቶው ትንሽ ቆመ። ከዚያ ቀጠለ።

በሩብ ሰዓት ውስጥ አለቀ። አንድ ገጽ ነበር፤ ስርዝ ድልዝ የለውም። የአፈጻጸም ሠራተኛው አንብቦ ራሱን ነቀነቀ፤ "እንደዚህ ዓይነት ጸሐፊ በየቀበሌው ቢኖረን" አለ። ሆርዶፋ ፈረመ። ሽማግሌዎቹ ፈረሙ። ለባየሽ የቀለሙን ሣጥን ይዘውላት መጡ፤ የት ላይ እንደሆነ ጠየቀችና አሳዩዋት። ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ ገጹን ከላይ እስከ ታች አየችው።

"ፈጠነልህ" አለችው።

ጥጃዋ ገመዱ ካለፈበት ወዲያ፣ ባሕር ዛፉ ሥር እንደታሰረች ነበር። ልትፈታት ወረደች።